«ድሃ ነህና አትጫወት» ይባላል እንዴ?

ሚጡዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ልጆቹስ? ይሄን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መቆየታችን ይገርመኛል። ተጣልተን ቢሆን አስታራቂ ይገባ ነበር፤ እኛ ግን ሳንጣላ ነው የተጠፋፋነው። አንቺ ከሌሊት ሥራ ስትወጪ እኔ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ እኔ ሱቅ ስዘጋ አንቺ ተኝተሻል። በዚህ መሀል ዓመቱ ሄደ።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰምቼዋለሁ። በድምፅ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፣ ግን እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ስልክ ካወራሁ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ የምነግርሽ ነገር ውስጥ ደግሞ የሰው ገመና አለ። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጻፍልሽ። ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ረዘም ይላል።

ያልሽው እንዲህ ነው። ማደያው ሱቅ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚፋቅ ሎተሪ ትሸጫለሽ። ገዢዎቹ ሁሌም እነዚያው ናቸው፤ ጽዳት ሠራተኛው፣ ኡበር ነጂው፣ ጡረተኛው፣ አንዳንዴም የእኛው አገር ልጆች። «ታዲያ መንግሥት ለድሃው ከልክሎ ለሀብታሙ ቢተውለት ደስ ይልሻል? ሰውዬው በላቡ ያመጣው ገንዘብ ነው፣ ማን ምን አገባው?» አልሽ። አያይዘሽም እዚህ አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤቶቹን ባሸጉ ጊዜ ምን ጠብ አለላችሁ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ከኋለኛው ልጀምር። ታክሲ ተራው አጠገብ፣ አንቺ ስትሄጂ ፀጉር ቤት የነበረችው ክፍል ትዝ ትልሻለች? እሷ ቤቲንግ ቤት ሆና ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋው እስከ ዳቦ ቤቱ ይደርሳል። ግድግዳው በጨዋታ ዝርዝር ተሞልቷል፣ ልጆቹ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተው አስርም አሥራ ሁለትም ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ ይደረድራሉ። መመሪያው ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም ይላል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከነዩኒፎርሙ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን መጥተው አሸጉት፣ እኛም እልል ልንል ምንም አልቀረን።

ማኅተሙ በሩ ላይ እያለ ጨዋታው ስልክ ውስጥ ገባ። ድሮ ልጁ ለመቁረጥ ከቤት መውጣት ነበረበት፣ ወረፋ መያዝ ነበረበት፣ ብሩን በእጁ ቆጥሮ መስጠት ነበረበት፣ እናቱ ወይም የነፍስ አባቱ በዚያ በኩል ሲያልፉ ሊያዩት ይችሉ ነበር። አሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ ይጫወታል። ብሩም ስልኩ ውስጥ፣ ጨዋታውም ስልኩ ውስጥ፣ ሲያልቅበት የሚበደረውም በዚያው ስልክ። ስለዚህ መዝጋቱ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፣ ቢያንስ ሕፃናቱ ከበሩ ጠፍተዋል። ግን የዘጉት ቀርፋፋውን በር ነው፤ ፈጣኑ ክፍት ቀረ።

ይሄን የምልሽ ከወሬ ተነስቼ አይደለም፣ የዱቤ መዝገቤ አለኝ። ቅዳሜና እሑድ ትልልቅ ጨዋታ ካለ ሰኞ ዘይትም ዳቦም በዱቤ ነው የሚሄደው። ክረምት ላይ የእንግሊዝ ሊግ ሲዘጋ ዱቤው ይቀል ነበር፤ እኔ ኳስ ሳላይ ሊጉ መቼ እንደሚያርፍ አውቅ ነበር ስልሽ! አሁን ይሄ አቪዬተር የሚሉት መጣ። ብር ታስገቢያለሽ፣ አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል። ሳትጠፋ ካወጣሽ በላሽ፣ ከጠፋች ተበላሽ። ዙሩ ሴኮንዶች ነው የሚፈጀው። ክረምት የለው፣ ሌሊት የለው፣ ሁልጊዜ ይነሳል።

ኮሜርስ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነንና ሒሳቡን እንሥራው፤ አንቺ ደግሞ ከኔ ትበልጪ ነበር። አጫዋቹ ከአንድ ጨዋታ 5 ከመቶ ብቻ ለራሱ ያስቀራል እንበል። ትንሽ ናት፣ ማንም አያጉረመርምባትም። ልጁ ግን አስር ጨዋታ አንድ ላይ ሲያስር ያቺ 5 በየጨዋታው ትደጋገማለች፤ 0.95ን አስር ጊዜ በራሱ አባዢው፣ 0.60 ገደማ ይመጣልሻል። ልጆቹ በ100 ብር ከሚቆርጡት ቲኬት ውስጥ በአማካይ 40 ብሩ ገና ኳሱ ሳይነካ የቤቱ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ አስሩም ጨዋታ እንደ ሳንቲም ውርወራ እኩል ቢሆን እንኳ ሁሉንም ማግኘት ከ1,024 አንዴ ነው። እና ማታ ማታ ሱቄ በር ላይ የምሰማው ምንድን ነው? «አንዷ ጨዋታ ናት የገደለችኝ!» ይሄንን ነው። ሁልጊዜ አንዷ ናት። ዘጠኙን ማግኘቱ ባለሙያ ያደረገው ይመስለዋል፣ ስለዚህ ነገም ይቆርጣል።

አቪዬተር ደግሞ በወረቀት ላይ ደግ ነው። ከሚገባው 97 ከመቶው ለተጫዋቾች ይመለሳል ነው የሚሉት። እውነትም ከቲኬቱ ይሻላል፣ ፍጥነቱ ነው ጉዱ። ልጁ በየዙሩ 10 ብር እያስገባ በሰዓት 100 ዙር ቢጫወት 1,000 ብር በእጁ አለፈ ማለት ነው፤ ከዚያ 3 ከመቶው፣ 30 ብር፣ በአማካይ ቀረ። ኪሱ ውስጥ ከነበረው 200 ብር ላይ 30 ብር በአንድ ሰዓት። አራት ሰዓት ከተጫወተ 120 ብር ነው፣ ከያዘው ከግማሽ በላይ። ያውም እልህ ሳይዘው፣ 10 ብሩን 50 ሳያደርገው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ድሃውን ለይቶ መከልከል።

የሚያደርጉት አሉ እኮ። ዘመኑን በእናንተ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። ሲንጋፖር በ2010 ሁለት ካዚኖ ስትከፍት ለውጭ ሰው በነፃ አደረገች፣ ለዜጋዋና ለቋሚ ነዋሪዋ ግን የመግቢያ አስከፈለች። መጀመሪያ 100 የሲንጋፖር ዶላር ነበር፣ ከ2019 ወዲህ 150 ሆኗል፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ያ ሀብታሙን ቅንድቡን እንኳ አያስነሳውም፤ የተሠራው ለድሃው ነው። በዚያ ላይ ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበል ሰው፣ የመንግሥት ቤት ኪራይ ስድስት ወር ያልከፈለ ሰው፣ በሕግ ካዚኖው በር ላይ ይመለሳል። ብራዚል ደግሞ ማዕከላዊ ባንኳ በ2024 አንድ ሒሳብ አወጣ፦ በነሐሴ ወር ብቻ ቦልሳ ፋሚሊያ የሚባለውን የድሃ ቤተሰብ ድጎማ ከሚያገኙ ቤቶች 5 ሚሊዮን ሰዎች ወደ ውርርድ ድርጅቶች 3 ቢሊዮን ሬያል ልከዋል። አገሩ ጉድ አለ፣ በኅዳር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የድጎማው ገንዘብ ለውርርድ እንዳይውል አዘዘ፣ በ2025 ደግሞ ድጎማ ተቀባይ የሆነ ሰው ጭራሽ አካውንት እንዳይኖረው ተባለ።

እኔ የብራዚሉን ሳነብ መጀመሪያ «ይበል!» አልኩ። የልጆች ምግብ ነዋ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከበደኝ። ያቺ ሴትዮ ስልኳን ከፍታ «አንቺ ድሃ ስለሆንሽ አይፈቀድልሽም» ሲላት፣ ጎረቤቷ ያው ደመወዙን ሙሉ በዚያው ስልክ ሲያቃጥል። ገንዘቡን ማጥፋት አይደለም ማለት ነው ጥፋቱ፣ ድህነቱ ነው። እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ።

ደግሞ እኛ ጋ ድሃው ማነው? ብራዚል መዝገብ አላት፣ ሲንጋፖርም አላት። እዚህ ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ እንኳ በሕግ አልተቀመጠም። ወያላው የሚያገኘው በየትኛው ወረቀት ላይ ነው ያለው? ሊስትሮውስ፣ የቀን ሠራተኛውስ? በመዝገብ የሚታወቁት የሴፍቲኔት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነዚያ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዘው አስፋልት የሚያጸዱት እናቶች። ከእነሱ ክፍያ ላይ እንደሆነ 20 ከመቶው በግድ ይቆጠባል። በገቢ እንለይ ከተባለ መጀመሪያ የሚያዙት እነሱ ናቸው፣ እኔ ደግሞ አንዷንም ቤቲንግ ስትቆርጥ አይቼ አላውቅም። የሚቆርጠው ያለ መዝገብ የሚኖረው ልጅ ነው። እሱን ማንም አያገኘውም።

እንግዲህ «ስለዚህ ተዉት፣ ሰው ለራሱ ያውቃል» ልል ስል ነው የዕቁቡ ነገር የመጣው።

የእኛን ዕቁብ ታውቂዋለሽ፣ አሁንም ዳኛዋ እኔ ነኝ። 40 ሰው ነን፣ በሳምንት 500 ብር ነው የምንጥለው፣ ዕጣ የወጣለት 20,000 ይዞ ይሄዳል። ሹፌሮች አሉ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ሁለት ጀበና ቡና የሚያፈሉ ልጆች አሉ። አንድ ሹፌር አለ፣ ስሙን አልጽፍም፣ ትሑት ልጅ ነው። ያለፈው ዙር ዕጣ ሲወጣለት ጎማ ሊቀይር ነበር፤ ጎማው ሳይቀየር ብሩ አለቀ፣ በዚያ በላጣ ጎማ ነው እስካሁን የሚሠራው። ቀሪውን ጥሎ ለመጨረስ ዋሱ ነው የተሠቃየው። እናም በቀደም ማታ፣ መዝጊያውን ላወርድ ስል መጣ። የሚገዛ መስሎኝ «ምን ልስጥህ?» አልኩት። ሣሙና አለ። ሣሙናውን ተቀብሎ አይሄድም፣ ይቆማል፣ ሣሙናውን ከእጅ ወደ እጅ ያገላብጣል።

«እትዬ፣ ዕጣው ለኔ ሲወጣ ብሩን ለኔ እንዳይሰጡኝ» አለኝ።

«ታዲያ ለማን ልስጠው?»

«ጎማ ይግዙበት። የተረፈውን ለአከራዬ ይክፈሉልኝ። እኔ ጋ ብቻ እንዳይመጣ።»

«አንተው ራስህ ብትገዛውስ?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሁን እንደዚህ የማወራዎት ኪሴ ባዶ ስለሆነ ነው። ብሩ እጄ ሲገባ ሌላ ሰው ነኝ፤ ያኔ መጥቼ ብጮህም እንዳይሰሙኝ።» ከዱቤ መዝገቡ ላይ ቅጠል ቀድጄ ሰጠሁት፣ ጽፎ ፈረመ። ሣሙናውን ረስቶት ሄደ።

ሚጡ፣ እኔ ከዚህ በኋላ «ሰው ለራሱ ያውቃል» የሚለው ነገር አላሳምን አለኝ። ሰውዬው ለራሱ አውቋል እኮ! ያወቀውን የሚያስከብርለት ግን የለም። ወረቀቱን ለጸሐፊያችን ባሳየው «ዕጣው የወጣ ቀን ሐሳቡን ከቀየረስ? ገንዘቡ የሱ ነው፣ ከልክለን ልንጣላ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ባዶ ኪሱን ሆኖ የፈረመውና ብሩን አይቶ የሚጮኸው፣ ሁለቱም እሱ ናቸው። እኔ የማምነው ግን የፈረመውን ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ እያፈረ፣ መጥቶ የፈረመውን።

ለካ እንግሊዞች ይሄን በአገር ደረጃ ሠርተውታል። ጋምስቶፕ ይሉታል። ሰውዬው ራሱ አንዴ ይመዘገባል፤ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት። ከዚያ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት አጫዋች ሁሉ እሱን ማስገባት አይችልም፣ ከ2020 ጀምሮ ግዴታ ነው። መሀል ላይ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ቢል አይሰማም። ያው የሹፌሩ ወረቀት ነው። እኛ ጋ ይሄን መሥራት ምን ያቅታል? ባንኩ ፋይዳ መታወቂያ አምጡ እያለ ነው፣ ሁሉም ነገር በቁጥር እየሆነ ነው። ያ ቁጥር ድሃ መሆኔን ለመለየት ሳይሆን «እኔን አታስገቡኝ» ብዬ የጠየቅኩትን ለማስከበር ይዋል።

ሌላም ያደረጉት ነገር አለ፣ እሱን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ቤቲንግ ቤቶቻቸው ውስጥ የነበሩት ማሽኖች በየ20 ሴኮንዱ እስከ 100 ፓውንድ ያስበሉ ነበር፤ በ2019 ከ2 ፓውንድ አይበልጥም ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በክሬዲት ካርድ፣ ማለትም በብድር፣ መቆመር ቀረ። ልብ በይ፣ ማንንም ድሃ ነህ ወይ ብለው አልጠየቁም። የያዙት ማሽኑን ነው። ሕጉ ለሎርዱም ለጽዳት ሠራተኛውም አንድ ነው፣ የሚያድነው ግን በአብዛኛው ማንን እንደሆነ ይገባሻል።

የኔ አቋም እንግዲህ ይኸው ነው፤ መንግሥት ይግባ፣ ግን ወደ ሰውዬው ኪስ ሳይሆን ወደ ጨዋታው ይግባ። ዙሩ ይዘግይ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ይዘጋ። በስልክ የተበደሩት ብር በዚያው ቅጽበት ወደ ውርርድ አይሂድ። በየታክሲው ላይ «በ10 ብር ሚሊየነር» የሚሉት ማስታወቂያ ይነሳ፣ እሱስ ጭራሽ ያናድደኛል። ይሄን ቢያደርጉ ድሃ የሚለውን ቃል ሕጉ ውስጥ መጻፍ አያስፈልጋቸውም።

መንግሥት ይሄን ለማድረግ እጁ ንጹሕ ነው ወይ ካልሽኝ፣ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ጀምሮ አለ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ የእናንተ ሜሪላንድም ከ1973 ጀምሮ ሎተሪ ሻጭ ናት፣ አንቺም የምትሸጪው የሷን ነው። ፈቃድ ሰጪውም ገንዘብ ተቀባዩም ከልካዩም አንድ ቤት ሲሆን ልቡ ይከፈላል። ይሄን አልክድሽም። ግን ሎተሪ አዟሪውን ከአውሮፕላኗ ጋር አንድ ላይ አልከሰውም። ሰውዬው አንድ ቲኬት ይገዛል፣ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል፣ እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቃል፣ ፎቅ ይሠራበታል፣ ልጁን ይድርበታል፣ በሐሳቡ። ባይደርሰውም የጠፋችው የአንዲት ቲኬት ዋጋ ናት። የአንቺው የሚፋቀው ግን ወደ አውሮፕላኗ ይጠጋል መሰለኝ፤ ፍቆ፣ አጥቶ፣ እዚያው ቆሞ ሌላ ይገዛል ብለሽኛል። ደግሞ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እናንተም ጋ የስፖርት ውርርዱ በስልክ ሆኗል፤ ያ ካዚኖ ናሽናል ሃርበር ድረስ ነዳጅ አቃጥሎ መሄድም ቀረ። አትሸጭ አልልሽም፣ እንጀራሽ ነው። ሰውዬው «ከእንግዲህ አትሽጪልኝ» ቢልሽ ግን ምን ታደርጊያለሽ? እምቢ የማለት ሥልጣን አለሽ? ይሄን ንገሪኝ፣ የምሬን ነው።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የሹፌሩ ወሬ ወጥቶ ሁለት ሚስቶች መጡብኝ። አንደኛዋ ባሏ ተስማምቷል፣ ጨረስን። ሁለተኛዋ ግን ባሏ አያውቅም። «ዕጣው ሲወጣ ለኔ ስጡኝ፣ ለሱ ከሰጣችሁ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?» ትላለች። የዱቤ መዝገቡ ላይ በስሟ ያለውን ስለማውቅ ውሸቷን ነው ማለት አልችልም። ግን ዕቁቡን የሚጥለው እሱ ነው፣ አልፈረመልኝም። ፈርሞልኝ ቢሆን ክርክር የለም፤ ሳይፈርም የሰውን ገንዘብ ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው። ሲንጋፖር ሚስት ባሏ ካዚኖ እንዳይገባ መጠየቅ ትችላለች፣ የሚወስነው ደግሞ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ኮሚቴ ነው። እኛም እሱን ጠርተን እንስማው የሚል ሐሳብ አለኝ። ጸሐፊያችን ደግሞ ከጠራነው ቤት ሄዶ ይደበድባታል ብሎ ይፈራል፣ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አይደለም። ያለ እሱ እውቀት ግማሹን ለሷ እንስጥ የሚሉ አሉ፤ ያ ደግሞ ዕቁብን ዕቁብ የሚያደርገውን መተማመን ይበላዋል። ሌሎቹ አባላት ነገ በእኔስ ላይ ማለታቸው አይቀርም።

እኔ ወደ መጥራቱ አዘነብላለሁ፣ ብቻውን ግን አይደለም፣ ዋሱ ባለበት። ዋሱ አጎቱ ነው፣ ይፈራዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው የምንሰበሰበው። አንቺ እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ከኔ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ጭንቅላት አለሽና ከዚያ በፊት ያሰብሽውን ላኪልኝ፣ በጽሑፍ ይሁን እባክሽ፣ ድምፅ ከሆነ ሱቅ ውስጥ መክፈት አልችልም። ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያንቺው የሳሪሷ